ባለመምታት የሚያሸንፉ መቺዎች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2025 ምሽት፣ በሎስ አንጀለሱ ዶጀር ስታዲየም በተካሄደው የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) ሦስተኛ ጨዋታ፣ የዶጀርሱ ሾሄይ ኦታኒ ዘጠኝ ጊዜ የመምታት ተራ ደርሶት ዘጠኙንም ጊዜ ቤዝ ላይ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ አራት ተራዎች ሁለት ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው ውጪ የሚሰድድ ምት) እና ሁለት ደብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መታ። ከዚያ ወዲያ የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ አሠልጣኝ ጆን ሽናይደር ነገሩ በቃው። አራት ጊዜ በተከታታይ፣ ወርዋሪዎቹ አንድም ኳስ ሳይወረውሩለት ወደ አንደኛ ቤዝ እንዲያልፍ አዘዘ። በመጨረሻው ተራው ሊወረውሩለት ሞከሩ፤ አራቱም ኳሶች ከክልሉ ውጪ ሆኑና አሁንም በእግሩ ሄደ። ጨዋታው 18 ኢኒንግ (ዙር) ፈጅቶ ዶጀርስ በፍሬዲ ፍሪማን ሆም ራን 6 ለ 5 አሸነፈ። በሻምፒዮናው የማጣሪያና የፍጻሜ ጨዋታዎች ታሪክ በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ጊዜ ቤዝ ላይ የደረሰ ተጫዋች ከኦታኒ በፊት አልነበረም።

ሰው የሚያስታውሰው ሁለቱን ሆም ራኖች ነው። ከዘጠኙ አምስቱ ግን ዱላው ኳሱን ሳይነካ የተገኙ ናቸው። እነዚያ አምስቱ የማን ሥራ ናቸው? የወርዋሪው ፍርሃት ወይስ የመቺው ችሎታ? ቤዝቦል በዚህ ጥያቄ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከር ኖሯል። ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስህተቱም ብዙ ሰዎችን ደመወዝና ክብር አስከፍሏል። አሁን ደግሞ ኳሱ በክልሉ ውስጥ ማለፍ አለማለፉን ካሜራ እንዲፈርድ የሚያደርግ ሕግ ሲመጣ ክርክሩ በአዲስ መልክ ተከፍቷል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር ማለት ያስፈልጋል። መቺው 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ነጭ ሰሌዳ አጠገብ ይቆማል። ወርዋሪው የሚልከው ኳስ ከሰሌዳው በላይ፣ በጉልበትና በደረት መካከል ባለው ክልል ካለፈ፣ መቺው ባይሞክረውም ስትራይክ ይባላል። ከክልሉ ውጪ ሆኖ መቺው ከተወው ደግሞ ቦል ነው። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል፤ መውጣት አውት ይባላል፣ በዚህ መንገድ ሲሆን ስትራይክ አውት፤ አራት ቦል ግን አንደኛ ቤዝን በነጻ ያሰጣል፤ ይህ ዎክ ይባላል። የተወረወረው ኳስ ገላውን የመታው ሰውም በነጻ ያልፋል። ሦስቱን ቤዞች ዞሮ ወደ ሰሌዳው የተመለሰ ነጥብ ያስገኛል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጨዋታ ያለው ሀብት 27 አውት ነው፤ 27ቱ ሲያልቁ፣ ነጥቡ እኩል ካልሆነ በቀር፣ ጨዋታው አበቃ። ሰዓት የለም፤ የሚያልቀው አውት ብቻ ነው። ስለዚህ አውት ሳይሆን ቤዝ ላይ የደረሰ ሰው፣ እንዴትም ይድረስ እንዴት፣ ለቡድኑ ዕድሜ ጨምሯል ማለት ነው።

ይህ ቀላል ሒሳብ ይመስላል። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዘመን የቤዝቦልን የቁጥር አመዘጋገብ የቀረጸው፣ እንግሊዝ ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ፣ ዎክን የወርዋሪው ጥፋት እንጂ የመቺው ውጤት አድርጎ አልቆጠረውም። የክሪኬት ሰው ነበርና በዱላ ያልተመታ ነገር ለመቺው እንዲመዘገብለት አልተዋጠለትም። በዚህ መንገድ የመቺዎች ዋና መለኪያ የመምታት አማካይ ሆነ፦ ሂቶች (ቤዝ ያደረሱ ምቶች) ለሙከራዎች ሲካፈሉ። ዎክ በአካፋዩም በተካፋዩም ውስጥ የለም፤ መቺው ያን ጊዜ ሜዳ ላይ ያልነበረ ያህል ነው። በ1887 ሊጎቹ ተቃራኒውን ሞክረው ዎክን እንደ ሂት ቆጠሩት። የመቺዎቹ አማካይ ሰማይ ነካ፣ ሰዉ ሳቀ፣ በዓመቱ ደንቡ ተሰረዘ። ሁለቱም ጽንፎች ናቸው፤ ዎክ ሂት አይደለም፣ ባዶም አይደለም። ዛሬ ተንታኞች ነጥብ በማስገኘት ረገድ አንድ ዎክ የአንድ ሲንግል (አንደኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) ሁለት ሦስተኛ ያህል ዋጋ እንዳለው ያሰላሉ።

መካከለኛውን መንገድ ለማግኘት ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ወሰደ። የብሩክሊን ዶጀርሱ ብራንች ሪኪ፣ ጃኪ ሮቢንሰንን ወደ ሊጉ ያስገባው ያው ሰው፣ በ1947 አለን ሮት የተባለ የቁጥር ባለሙያ ቀጠረ። ሁለቱ ሂትን፣ ዎክንና በኳስ መመታትን አንድ ላይ ደምሮ ለአጠቃላይ ተራዎች የሚያካፍል ምጣኔ አወጡ። ሪኪ በ1954 ላይፍ መጽሔት ላይ ይህን ቀመር ዘርዝሮ ጻፈ፤ ዘመኑ ግን አልሰማውም። ሜጀር ሊግ ቤዝ የመድረስ ምጣኔን በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1984 ነው። ሠላሳ ዓመት ቆየ ማለት ነው።

ቁጥሩ ባልነበረበት ዘመን ቁጥሩን በተግባር የኖረው ሰው ቴድ ዊሊያምስ ነው። ከ1939 እስከ 1960 በቦስተን ሬድ ሶክስ የተጫወተው ዊሊያምስ በሕይወት ዘመኑ 48.2 በመቶ ከሚሆኑት ተራዎቹ ቤዝ ላይ ደርሷል። ከእሱ የሚበልጥ የለም፤ ቤብ ሩት በ47.4 በመቶ ይከተላል። ዊሊያምስ በሁለት ጦርነቶች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ፣ በአብራሪነት አምስት ዓመት ገደማ ከሜዳ ርቆ ተመልሶ ነው ይህን ያደረገው።

የዊሊያምስ ምስጢር እጁ ላይ ብቻ አልነበረም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ የስትራይክ ክልሉን በ77 ኳሶች ሸፍኖ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ያለው ኳስ ቢመታ ምን ያህል አማካይ እንደሚያስገኝ ገመተ፦ መሀል ላይ 40 በመቶ፣ በውጪኛው ታችኛ ጥግ 23 በመቶ። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ምክር አንድ ነው፤ ጥሩ ኳስ እስኪመጣ ጠብቅ። ወርዋሪው ጥሩ ኳስ ካልሰጠ ደግሞ ተውለት፣ ወደ ቤዝ ሂድ። በ1941 በመምታት አማካይ 40.6 በመቶ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የዛሬው ሜጀር ሊግ በሚዋቀርባቸው በአሜሪካንና በናሽናል ሊጎች 40 በመቶን የደፈረ የለም። በዚያው ዓመት 147 ጊዜ ዎክ አግኝቶ ስትራይክ አውት የሆነው 27 ጊዜ ብቻ ነው። ቤዝ የመድረስ ምጣኔው 55.3 በመቶ ነበር፤ በእነዚሁ ሁለት ሊጎች ለ61 ዓመት ያልተሰበረ ቁጥር።

የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነት ግን ለጆ ዲማጂዮ ተሰጠ። ዲማጂዮ በተከታታይ 56 ጨዋታዎች ሂት መትቶ ስለነበር መራጮቹን መውቀስ ይከብዳል። የሚያስተዛዝበው የቦስተን ጋዜጠኞች ነገር ነው፤ ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ቆመው ሳለ ከክልሉ ትንሽ የወጣ ኳስ አልመታም ብሎ ዎክ በመውሰዱ ራስ ወዳድ ይሉት ነበር። ዊሊያምስ ግን ከክልሉ በአንድ ኢንች አልፎ የሄደን ኳስ ማሳደድ ከጀመርክ ወርዋሪው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ኢንች ያርቅብሃል የሚል ሰው ነበርና ንቅንቅ አላለም።

ደንቡም ቀጥቶታል። በ1954 በመምታት አማካይ 34.5 በመቶ አስመዝግቦ ነበር፤ የክሊቭላንዱ ቦቢ አቪላ ደግሞ 34.1። የሊጉ የመቺነት ዘውድ ግን ለአቪላ ሄደ። በወቅቱ ለዘውዱ ብቁ ለመሆን 400 ሙከራ ያስፈልግ ነበር፤ ዊሊያምስ ደግሞ 136 ጊዜ ዎክ ተሰጥቶት ዎክ እንደ ሙከራ ስለማይቆጠር 386 ላይ ቀረ። ወርዋሪዎች ፈርተው ስላለፉት ዘውዱን አጣ። ነገሩ በጣም አሳፋሪ ስለነበር ጥቂት ቆይቶ ደንቡ ተለወጠና ብቁነት በአጠቃላይ ተራዎች ቁጥር እንዲለካ ተደረገ።

ዊሊያምስ ቢያንስ ኃያል መቺ ነበር፤ ማንም ታላቅነቱን አልካደውም። እውነተኛውን ዋጋ የከፈሉት በዎክ ብቻ የሚኖሩት ናቸው። ለዋሽንግተን ሴኔተርስ ለዓመታት የተጫወተው ኤዲ ዮስት በሕይወት ዘመኑ የመምታት አማካዩ 25.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ይህን ያየ ሁሉ ተራ ተጫዋች ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን 1,614 ዎክ ሰብስቦ ከተራዎቹ 39.4 በመቶውን ቤዝ ላይ ጨርሷል። ከእሱ በእጅጉ የሚበልጥ አማካይ ይዘው ከእሱ ያነሰ ቤዝ የደረሱ ብዙ ዝነኞች አሉ።

ክርክሩን በአንድ ጥንድ ሰዎች ማየት ለሚፈልግ ግን ከቶኒ ግዊንና ከቲም ሬይንስ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሁለቱም በተመሳሳይ ዘመን ተጫወቱ፣ የተራዎቻቸውም ቁጥር ተቀራራቢ ነው። ግዊን የሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ተጫዋች፣ 3,141 ሂት፣ ስምንት የመቺነት ዘውድ፣ 33.8 በመቶ አማካይ። ሬይንስ 2,605 ሂት፣ 29.4 በመቶ አማካይ። በሂት ካየነው ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። አሁን ዎክና በኳስ መመታትን እንደምር፦ ግዊን 3,955 ጊዜ ቤዝ ደርሷል፣ ሬይንስ 3,977 ጊዜ። ሬይንስ በዚያ ላይ 808 ቤዝ ሰርቋል (ምት ሳይጠብቅ በሩጫ ወደ ቀጣዩ ቤዝ አልፏል)። ግዊን በ2007 በመጀመሪያው ዓመት ድምፅ ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ፤ ሬይንስ የገባው በ2017 ነው፣ ለምርጫ መቅረብ በሚችልበት በአሥረኛውና በመጨረሻው ዓመት። ሂት ከዎክ ስለሚበልጥ ግዊን በመቺነት ትንሽ ይቀድማል ብል አላፍርም። ለዚያ ትንሽ ልዩነት አሥር ዓመት ማስጠበቅ ግን ፍርድ ሳይሆን ልማድ ነው።

ልማዱን የሰበረው ድህነት ነው። በ2001 መጨረሻ ኦክላንድ አትሌቲክስ በዚያ ዓመት 47.7 በመቶ ቤዝ የደረሰውን ጄሰን ጂያምቢን ለኒው ዮርክ ያንኪስ ገንዘብ አሳልፎ ሰጠ። የያንኪስ የደመወዝ ወጪ የኦክላንድን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ቢን ጂያምቢን የሚተካ ሌላ ጂያምቢ መግዛት ስለማይችል ሌሎች ቡድኖች ዋጋ የማይሰጡትን ነገር ገዛ፤ ቤዝ መድረስን። ስኮት ሃተበርግ ክርኑ ተጎድቶ ቀላቢነቱን (ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳስ የመያዝ ሥራውን) ያጣ፣ ማንም የማይፈልገው ሰው ነበር፤ ቢን አንደኛ ቤዝ ላይ አቆመው፣ ምክንያቱም ሃተበርግ መጥፎ ኳስ አይነካም። በኦገስትና በሴፕቴምበር 2002 ኦክላንድ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ20ኛው ጨዋታ 11 ለ 0 መርቶ 11 ለ 11 ከሆነ በኋላ የማሸነፊያውን ሆም ራን የመታው ሃተበርግ ነው። የቀረው ታሪክ «መኒቦል» በተባለው መጽሐፍና ፊልም በመላው ዓለም የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሀብታሞቹም ያንኑ ቁጥር ማንበብ ጀመሩና ርካሽ የነበረው ነገር ተወደደ።

በዚያው ዘመን በባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ቤዝ የመድረስ ጥግ ታየ። ባሪ ቦንድስ በ2004 617 ጊዜ ተራ ደርሶት 376 ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰ፤ 60.9 በመቶ። ከእነዚህ 232ቱ ዎክ ናቸው፤ ከዎኮቹ 120ው ሆን ተብለው የተሰጡ። ሆን ተብሎ በተሰጠ ዎክ ብቻ ቦንድስ በዚያ ዓመት ከብዙ መደበኛ ተጫዋቾች አጠቃላይ ዎክ የበለጠ ሰብስቧል። ከዚያ ቀደም፣ በሜይ 1998፣ የአሪዞናው አሠልጣኝ ባክ ሾዋልተር ሦስቱም ቤዞች ሞልተው ሳለ ቦንድስን ሆን ብሎ አሳልፎ አንድ ነጥብ በነጻ ሰጥቷል፤ ቀጣዩን መቺ አውት አድርጎም 8 ለ 7 አሸንፏል። የቦንድስ ስም ከአበረታች መድኃኒት ቅሌት ጋር ስለተነሳ በ2022 በጋዜጠኞቹ ምርጫ በመጨረሻው ዕድሉ 66 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከዝነኞች አዳራሽ ደጅ ቀረ፤ ማለፊያው 75 ነበር። መድኃኒት ጡንቻ ሊሰጥ ይችላል። በዓመት 232 ዎክ እየወሰዱ 41 ጊዜ ብቻ ስትራይክ አውት መሆን ግን የዓይን ሥራ ነው፤ በእሱ ጉዳይ ሁለቱን ነጥሎ መመዘን የማይቻል መሆኑ ያሳዝነኛል።

የዎክ ተቃዋሚዎችም ፈጽሞ መሠረት የላቸውም ማለት አይደለም። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ቆሞ ሳለ የሚገኝ ዎክ፣ ቤዞቹ ሁሉ ካልሞሉ በቀር፣ ያን ሰው ወደ ሰሌዳው መልሶ ነጥብ አያስገኝም፤ ሲንግል ግን ብዙውን ጊዜ ያስገኛል። የሲንሲናቲው ጆይ ቮቶ ሰባት ጊዜ የሊጉን ቤዝ የመድረስ ደረጃ ሲመራ በገዛ ከተማው ያለማቋረጥ የሚሰማው ወቀሳ ይኸው ነበር፦ ደመወዝህ እንድትመታ እንጂ እንድትሄድ አይደለም። ወቀሳው የሚረሳው መቺው የሚወረወርለትን አለመምረጡን ነው። መጥፎ ኳስ በመምታት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሲንግል ሳይሆን ደካማ ምት ነው፣ ደካማ ምት ደግሞ አውት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖሩ አንባቢዎች ሁዋን ሶቶ እንግዳ አይሆንም። ሳንቶ ዶሚንጎ ተወልዶ በ19 ዓመቱ ለዋሽንግተን ናሽናልስ የተሰለፈው ይህ ልጅ 21ኛ ዓመቱን ያከበረው በ2019 ወርልድ ሲሪስ መካከል ሲሆን ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። ሶቶ ኳስ ሲተው እንኳ ትርኢት ነው፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእግሩ ይጠርጋል፣ ወርዋሪውን ፊት ለፊት ያፈጥበታል። በ2021 145 ዎክ ወስዶ ስትራይክ አውት የሆነው 93 ጊዜ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው መቺ ስትራይክ አውቱ ከዎኩ በሁለት እጥፍ በሚበልጥበት ሊግ ውስጥ። ናሽናልስ በ2022 ያቀረቡለትን 440 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም አለ፣ በሌሎች ተጫዋቾች ተለወጠ፣ በዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። በ2025 የመምታት አማካዩ 26.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በዮስት ዘመን ቢሆን ደመወዙ ይቀነስ ነበር። ቤዝ በመድረስ ግን 39.6 በመቶ ይዞ ናሽናል ሊግን መራ።

ገንዘቡ እንዲህ የናረው ይህ ችሎታ በሊጉ እየጠፋ ስለሄደም ነው። በ2000 የሜጀር ሊግ አጠቃላይ ቤዝ የመድረስ ምጣኔ 34.5 በመቶ ነበር፤ በ2024 ወደ 31.2 ወርዷል። ወርዋሪዎች ከመቼውም በላይ ፈጥነው ይወረውራሉ፤ በአንድ ጨዋታ የሚፈራረቁትም በዝተዋል። ቀላቢዎችም ከክልሉ በጣት ያህል የወጣን ኳስ ጓንታቸውን በዘዴ ወደ ውስጥ እየሳቡ ዳኛውን ማሳመን ተምረዋል። ይህ የመጨረሻው ጥበብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበት ጀምሯል። ሙያው ያረፈው ደግሞ ዳኛን በማሳሳት ላይ ነው።

አዲሱ ሕግ የሚነካው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ሜጀር ሊግ ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሚሠራ የይግባኝ ሥርዓት አጸደቀ። ዳኛው እንደ ቀድሞው ይፈርዳል፤ መቺው፣ ወርዋሪው ወይም ቀላቢው ግን ወዲያው ጭንቅላቱን መታ በማድረግ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ካሜራዎቹ የኳሱን መንገድ ለክተው ውሳኔውን ያጸናሉ ወይም ይገለብጣሉ። ከመቀመጫ ምልክት መስጠት አይፈቀድም። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ይግባኝ አለው፤ ትክክል ከሆነ አይቀነስበትም፣ ከተሳሳተ ያጣዋል።

ለቤዝ ደራሾች ትልቁ ለውጥ የክልሉ አለካክ ነው። በማሽኑ ፊት የክልሉ ጣሪያ የተጫዋቹ ቁመት 53.5 በመቶ፣ ወለሉ 27 በመቶ ነው፤ ቁመቱም የሚለካው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። የያንኪሱ አሮን ጀጅ 201 ሴንቲ ሜትር ነውና ክልሉ 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኖረዋል፤ የሂዩስተኑ ሆሴ አልቱቬ 168 ሲሆን ክልሉ 44 ተኩል ገደማ። ለጀጅ ይህ እፎይታ ነው፤ ከጉልበቱ በታች የወረደ ኳስ ለዓመታት ስትራይክ ሲባልበት ኖሯልና። በተቃራኒው፣ በዲሴምበር 2024 ያረፈው ሪኪ ሄንደርሰን በዚህ ሥርዓት ቢጫወት ይቸገር ነበር። ሄንደርሰን እጅግ አጎንብሶ ስለሚቆም ዳኛው የሚያየው ክልል ጠባብ ነበር፤ 2,190 ዎክና የምንጊዜም ክብረ ወሰን የሆነውን 2,295 ነጥብ የሰበሰበው በዚያ አቋቋም ነው። ማሽኑ ማጎንበስን አያውቅም።

ቁመትን መሣሪያ ያደረገው ታዋቂው ቀልድም አለ። በኦገስት 1951 የሴንት ሉዊስ ብራውንስ ባለቤት ቢል ቪክ፣ 109 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ኤዲ ጌደልን አስፈርሞ ወደ ሜዳ ላከው። የዲትሮይቱ ወርዋሪ ቦብ ኬን አራት ኳስ ወረወረ፣ አራቱም ከላይ አለፉ፣ ጌደል ወደ አንደኛ ቤዝ ሄዶ በሌላ ሯጭ ተተካ። በማግስቱ ሊጉ ውሉን ሰረዘ። ቤዝ የመድረስ ምጣኔው እስከ ዛሬ መቶ በመቶ ነው። በዛሬው ቀመር ሲሰላ ክልሉ 29 ሴንቲ ሜትር ይሆን ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ሆኖም ለጥሩ ወርዋሪ የማይቻል አይደለም።

የእኔ ግምት፣ ከሕጉ አብዝተው የሚጠቀሙት ዓይናቸውን የሚያምኑት ሳይሆኑ ዓይናቸው እውነት የሆነላቸው ናቸው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁሉም መቺ ሦስተኛው ስትራይክ ሲፈረድበት ኳሱ ውጪ ነበር ብሎ ያምናል። በሁለት ይግባኝ ብቻ የሚጫወት ቡድን ተናዶ በሁለተኛው ኢኒንግ ሁለቱንም የሚያቃጥል ልጅ ቢኖረው፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ ቤዞቹ ሞልተው ሶቶ ወይም ጀጅ ሲቆም ባዶ እጁን ይሆናል። ስለዚህ አሠልጣኞች በቅድሚያ የሚወስኑት ማን ይግባኝ ማለት እንደሚችልና ማን እንደማይችል ይመስለኛል፤ ምናልባትም የመጀመሪያውን ይግባኝ ከመቺዎቹ ነጥቀው ሙሉውን ለቀላቢው የሚሰጡ ይኖራሉ። እሱ ኳሱን የሚያየው ከሰሌዳው ኋላ ቁጭ ብሎ ነው፣ ዓይኑ ከክልሉ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው፣ እዚያ ተቀምጦ ሳለም ስትራይክ አይፈረድበትም።